ካንዴላው እስኪደርቅ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚጀመረው ሞተር አልነሣም ስትል ነበር።

ሞተር ብስክሌቷ የጋሽ ቆጭቶ ነበረች። ጋሽ ቆጭቶ የአባቴ አጎት ናቸው፤ ቦንጋ ላይ ግቢያቸውን ከእኛ ግቢ የሚለየው አጥር ብቻ ነው፣ አጥሩም በእኔ ልክ የሆነ ቀዳዳ ነበረው። ሞተሯን የተወላቸው ድሮ መንገድ ሊሠራ መጥቶ የነበረ አንድ እንግሊዛዊ ነው ይባላል። ጥቁር፣ ከባድ፣ በሄደችበት ሁሉ ዘይት የምታንጠባጥብ። የከተማው መካኒኮች የያዙት መፍቻ ሁሉ ለእሷ ብሎን ወይ ይሰፋል ወይ ይጠባል፤ የሚገጥማት አብሯት የመጣው አንድ መፍቻ ብቻ ስለሆነ ጋሽ ቆጭቶ እንደ ማተብ አንገታቸው ላይ አስረውት ይዞሩ ነበር።

ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ሞተሯን «ጣውንቴ» ነበር የሚሏት።

*

የማስነሣቱ ሥርዓት።

መጀመሪያ ባርኔጣ ይወልቃል። ቤንዚኑ ይከፈታል። ካርቡራተሩ ጎን ያለችው ትንሽ ቁልፍ፣ ቤንዚን ጣት እስኪያርስ ድረስ ትጫናለች። ከዚያ መርገጫውን በእግር ቀስ አድርጎ እየገፉ ፒስተኑ አልወርድም የሚልበትን ቦታ መፈለግ ነው። «እዚህ ጋ አኮረፈች» ይሉኛል ጋሽ ቆጭቶ በሹክሹክታ፣ ሞተሯ እንዳትሰማ። ከዚያ ትንፋሽ ይሰበሰብና ይረገጣል።

አንዳንዴ እሷም ትረግጣለች። መርገጫው ተፈናጥሮ ሲመለስ ቅልጥም አይምርም፤ የጋሽ ቆጭቶ ቀኝ እግር የሚያነክሰው በዚህ ነው። ሰው ሲጠይቃቸው ግን «በቅሎ ረግጣኝ ነው» ይላሉ። በቅሎ የተሻለ ክብር ነበራት።

አብዛኛውን ጊዜ ግን ምንም አይሆንም። ቦንጋ ዝናብ አያልቅባትም፤ እርጥበቱ ልብስ ውስጥ፣ ዱቄት ውስጥ፣ ሞተር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ እሳት የሚጭርላት ካንዴላ ይፈታና ማድ ቤት ይገባል፤ ፍሙ ዳር፣ በገል ላይ፣ እንደ ታመመ ሰው ይቀመጣል። እኛም ከጎኑ። ያኔ፣ ውጭ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድብ፣ ከኩራዙ ብርሃን ይልቅ የፍሙ ቅላት ፊታቸው ላይ ሲበረታ፣ ጋሽ ቆጭቶ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ተረት ይጀምራሉ።

ተረቱ የሚያልቀው ሲያልቅ አይደለም። ካንዴላው ሲደርቅ ነው።

*

ስለዚህ እኔ መጨረሻ የሌላቸው ተረቶች ነው የማውቀው። ንጉሡን ልትከስ የሄደችው ጦጣ የግቢው በር ላይ ቆማ ቀርታለች። የጎጀብን ወንዝ ልትሻገር የገባችው ልጅ ውኃው ወገቧ ጋ ደርሶባታል። ጋሽ ቆጭቶ ካንዴላውን አንሥተው ጉንጫቸውን ያስነኩትና «ደረቀ!» ብለው ከዓረፍተ ነገሩ መሃል ይነሣሉ። ሞተሯ ከተነሣች አደባባዩን ዞረው ይመለሳሉ። ካልተነሣች ተመልሰው ይቀመጡና ሌላ ተረት ይጀምራሉ።

«ልጅቷስ?» እላለሁ።

«የቷ ልጅ?»

«ውኃ ውስጥ ያለችው!»

«እሷማ የቅድሟ ነች።»

ከሁሉ የከፋብኝ የማንኪራው ሰውዬ ነው። ማር ሊቆርጥ ማንኪራ ጫካ ገብቶ ትልቅ ዛፍ ላይ ወጥቷል። ወደ ታች ሲያይ አንድ ጎሽ ከዛፉ ሥር ተኝቷል። ይጠብቃል፤ ጎሹ አይሄድም። ይመሻል፤ ጎሹ አይሄድም። በመጨረሻ ጎሹ ቀና አለ፣ አፉን ከፈተ፣ እና...

«ደረቀ!»

*

አንድ ክረምት እትዬ አስቴር በቃኝ አሉ።

«ስማ ቆጭቶ። መስቀል ሲያልፍ የጅማው ብረት ነጋዴ ይመጣል። እስከዚያ ከተነሣች ትቀመጥ። ካልተነሣች ድስት ሆና ትመለስልኝ።»

ጋሽ ቆጭቶ አንገታቸው ላይ ያለውን መፍቻ ብቻ ያዝ አደረጉ።

ያኔ የገባሁበት ጭንቀት ለማንም የሚነገር አልነበረም። ሞተሯ ካልተነሣች ትሸጣለች፤ ተረቱም አብሯት ጅማ ይወርዳል። ደኅና ሆና በተረገጠች ቁጥር ከተነሣች ደግሞ ካንዴላ የሚያደርቅ አይኖርም። ስለዚህ ማታ ማታ፣ ፈጣሪ ሞተሯን እንዳይገድላትም፣ ጨርሶ እንዳያድናትም እጸልይ ነበር።

ጋሽ ቆጭቶ ግን ሊያድኗት ቆርጠው ተነሡ። ማንኪራ ጫካ ውስጥ የሰቀሏቸው ቀፎዎች ስለነበሯቸው ቤታቸው ሰምና የወይራ ፍላጭ አይጠፋም። ዝናብ የሚያስገባውን ስንጥቅ ሁሉ በሰም ደፈኑ። ከኋላዋ በግራና በቀኝ የተንጠለጠሉትን የቆርቆሮ ሣጥኖች ሳይቀር ደፈኗቸው፤ ያመለጠቻቸው የቀኙ ሣጥን ሥር ያለች የጣት ቀዳዳ ብቻ ነበረች። እርጥበቱ እንዲወጣላት በወይራ ጭስ ከላይ እስከ ታች አጠኗት፤ ክረምቱን ሙሉ። ክረምቱ ሲወጣ በላስቲክ ሸፍነው ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አቆሟትና፣ መስቀልን ከዘመድ ጋር ሊውሉ ማንኪራ ሄዱ።

*

የተመለሱት ነጋዴው በመጣበት ቀን ነው። ነጋዴው ነጂብ ይባላል፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ብረት በጣቱ እያንኳኳ ጥራቱን የሚያውቅ ሰው። ላስቲኩን ገለጠ። ታንከሯን አንኳኳ፣ ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ቆጭቶ «ቆይ፣ አንዴ ልርገጣት» እያሉ ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ፣ ነጂብ የቀኙን ሣጥን አንኳኳ።

ሣጥኑ መለሰለት።

«ውስጡ ምንድነው ያለው?» ብሎ ክዳኑን ከፈተ።

ማን ማንን እየጎተተ ማድ ቤት እንደገባ አላስታውስም። በሩ ሲዘጋ ነጂብ ጆሮውን ይዞ፣ እትዬ አስቴር ነጠላቸውን ተከናንበው፣ እኔ ዱቄት ዕቃ ሥር ተወትፌ ነበር። ውጭ ግቢው በሙሉ ይጮኻል።

«ንብ!» አለ ነጂብ። «ወላሂ፣ ንብ ነው የሚሸጥልኝ?»

እትዬ አስቴር ወደ ባላቸው ዞሩ። «ምን አድርገሃታል?»

«አጠንኳት።»

«በምን?»

«በወይራ ነዋ።»

«ስንጥቋንስ?»

«በሰም ደፈንኩት።»

«በወይራ አጥነህ፣ በሰም ደፍነህ፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጥክ። አንተ ሰው፣ ቀፎ ነው እኮ የሠራኸው!»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀፎ ሲያጥኑ የኖሩት ጋሽ ቆጭቶ ጫካ ውስጥ የሚያውቁትን ሞተር ላይ ሲሆን ረስተውት ነበር።

«እስኪረጋጉ እዚሁ ነን» አሉ በመጨረሻ፣ ፍሙ አጠገብ እየተቀመጡ።

እንዲህ ያለ ዕድል በሕይወቴ አልገጠመኝም። በሩ ዝግ ነው፣ ካንዴላ የለም፣ የሚነሣም የለም። ከዱቄት ዕቃው ሥር ወጣሁ።

«የማንኪራው ሰውዬስ?»

ጋሽ ቆጭቶ አዩኝ፤ ከዚያ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ጠረጉ። ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ ማሩን፣ ዛፉን፣ ጎሹን። ነጂብ ጆሮውን እንደያዘ ጠጋ አለ። ሰውየው መሸበት፣ ቅርንጫፉ ይንቋቋ ጀመር፣ ጎሹ ቀና አለ፣ አፉን ከፈተ...

«እሺ?» አለ ነጂብ።

«አዛጋ።»

«ከዚያስ?»

«ዝናቡ አባርቶ ነበር። ተነሥቶ ሄደ።»

«ሰውየውንስ?»

«አላየውም። ሲጀመርም ከዝናብ ሊጠለል ነው ዛፉ ሥር የገባው።»

ያን ሁሉ ክረምት የጠበቅሁት መጨረሻ ማዛጋት ነበር።

«ወላሂ» አለ ነጂብ፣ «እኔ ጆሮዬን የሰጠሁት ለዚህ ነው?» እትዬ አስቴር ሳቁ፤ ከነጠላቸው ሥር፣ እንባቸው እስኪወርድ። ሞተሯ ባለችበት ቤት ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

ንቦቹ ሲረጋጉ ነጂብ የተሰበረ አልጋ ጭኖ ሄደ። «ንብ በራሱ ፈቃድ የገባበትን ዕቃ ከግቢዬ አላስወጣም» ብለው እትዬ አስቴር ቆርጠው ተናገሩ። «ጣውንቴ ይኸው ለቤቱ አንድ ነገር አመጣች።»

*

ዛሬ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። መኪናዬ በአንድ ጣት ትነሣለች፤ ቁልፏን ተጭኜ እጄን ሳላነሣ መንገድ ላይ ነኝ። የምጽፋቸውን አጫጭር ነገሮች የሚያነቡ ሰዎች ለምን መጨረሻ እንደማላበጅላቸው ይጠይቁኛል። ስለ ጎሹ ልነግራቸው እጀምርና ረጅም ስለሚሆንብኝ እተወዋለሁ።

ከዚያ ሁሉ አብሮኝ የቀረው ግን ጎሹ አይደለም። ማሩ ተቆርጦ ንቦቹ ወደ እውነተኛ ቀፎ ከተዛወሩ በኋላ፣ በአንድ ጥርት ያለ የበጋ ከሰዓት፣ ጋሽ ቆጭቶ ባርኔጣቸውን አውልቀው ረገጧት። በመጀመሪያው ረገጣ ተነሣች። ዶሮዎቹ ተበተኑ፤ እትዬ አስቴር ወንፊት እንደያዙ ወጡ፤ እኔ በአጥሩ ቀዳዳ መሃል ቀረሁ። ተረት የለም ማለት ነው።

ጋሽ ቆጭቶ ትንሽ አዳመጧት። ከዚያ ወደ እኔ አዩና አጠፏት። መፍቻውን ከአንገታቸው አውልቀው ካንዴላውን ፈቱ፤ ደረቅ ነበር፣ ትኩስም ነበር፣ በጨርቅ ይዘው ማድ ቤት አስገቡትና ፍሙ ዳር፣ ገሉ ላይ አስቀመጡት።

«ነይ ግቢ» አሉኝ እየተቀመጡ። «ልጅቷ ውኃው የት ጋ ደርሶባት ነበር?»