የወንዝ ማዶ መብራት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ጾም መሻሬን፣ ሥራ ላይ መዋሸቴን ነገርኳቸው፤ ይህችን ግን ዘለልኳት። ሁለት ዓመት አለፋት። አሁን ለእናንተ እናገራለሁ፦ አንዲት ሴት መልካም ስሟን ያጣችው በእኔ ምላስ ነው።

በስደት በምንኖርባት ሴንት ፖል ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከአንድ ምግብ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ግጥም እናነብ ነበር። እኔ ፕሊማውዝ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የምደረድር፣ ግጥምን በውሰት መጻሕፍት ብቻ የተማርኩ ልጅ ነኝ። የእኛ ሚሌኒየም ሊገባ ወራት ሲቀሩት፣ በበረዶው ጊዜ፣ በተዋስኩት አንድ መጽሐፍ ስለ ትሩባዱሮች አነበብኩ፤ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በደቡብ ፈረንሳይ በኦክሲታን ቋንቋ እየገጠሙ ያዜሙ ስለነበሩ ሰዎች። የሚወዷትን ሴት በስሟ አይጠሯትም፤ የሽሽግ ስም ያወጡላታል። ምስጢሩን የሚያወጣውን ወሬኛ ደግሞ ከጠላት አብልጠው ይረግሙታል። ይህን ለጓደኞቼ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እኔው!

ልማዱን ከሁሉ በላይ የወደዱት ታክሲ የሚነዱት ጋሽ ሙሉጌታ ነበሩ። "የወንዝ ማዶ መብራት" ብለው ለሰየሟት ሴት ግጥም ጻፉ። አንድ ቀን ወደምኖርበት ሪችፊልድ ሲያደርሱኝ ማን እንደሆነች ነገሩኝ፦ እትዬ ሰናይት። በግጥሙ ክፍል አብራን የምትቀመጥ፣ የባሏ ሙት ዓመት ያልደረሰ፣ ጥቁሯን ገና ያላወለቀች።

"እሷም አታውቅም። አንተም ሰምተህ እርሳው፣ ልጄ" አሉኝ።

በቀጣዩ ቅዳሜ እኔ አነበብኩ፤ ሁሉም ዝም። እሳቸው አነበቡ፤ ሰው አለቀሰ። አንዱ ቀልደኛ፣ "ስማ ገጣሚው፣ ያንተ ዲክሽነሪ ይፈልጋል፣ የጋሽ ሙሉጌታ ግን መሀረብ!" አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

"መሀረቡን ለእትዬ ሰናይት አቀብሏት" አልኩ። "መብራቷ እሷ ናት።"

አልኩ። አምልጦኝ ነው? አይደለም። ቃሉን መርጬ ነው ያልኩት።

እትዬ ሰናይት ሳህኗን አስቀምጣ ካፖርቷን አነሳች። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆልፋ ወጣች። በማግስቱ በየስልኩ፣ "ባሏ በሕይወት እያለ ነው የጀመሩት" ተባለ። ቤተ ክርስቲያን መምጣት ተወች፤ ቆይቶም ከተማውን ለቀቀች።

ጋሽ ሙሉጌታን ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አገኘኋቸው።

"ያንን መጽሐፍ መለስከው?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ጥሩ።"

ዳግመኛ ግጥም አላነበቡም።

ለምን አደረግሁት? ቀንቼ። ቅናት ምክንያት ነው፤ ማመካኛ ግን አይሆነኝም። ያንን መጽሐፍ ሳነብ ራሴን ከገጣሚዎቹ ቆጥሬ ነበር። እኔ ግን እነሱ የሚረግሙት ሰው ነኝ።

የፊታችን ቅዳሜ እዚያችው ክፍል ቆሜ ይህን አነብላችኋለሁ። ሁለቱ ምንም አላደረጉም። እሳቸው ጻፉ፣ እሷ አላወቀችም፣ እኔ ተናገርኩ። ይቅር በሉኝ አልልም። ያን ቀን ወሬውን ይዛችሁ የወጣችሁ ሁሉ፣ ይህንንም ይዛችሁ ውጡ።