የማርቆስ ወንበዴ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ እዚሁ ጆሃንስበርግ ወደ አንድ የሥዕል አዳራሽ ጎትታ ወሰደችኝ። አንድ የጥንት እንግሊዛዊ ሠዓሊ፣ ክፍል በክፍል እየታተመ ለሚወጣ ልብ ወለድ ያዘጋጃቸው የእርሳስ ንድፎች በመስታወት ውስጥ ተደርድረዋል። አንዱ ወረቀት ላይ አንድ ነፍሰ ገዳይ ደጋግሞ ተስሏል፤ ጩቤው አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፣ ተሰርዞ እንደገና። ጎብኚው ሁሉ «ሲያምር!» እያለ ያልፋል። እኔ ግን መስታወቱ ፊት ተተክዬ ቀረሁ።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ?» አለችኝ።

ማርቆስ ትዝ ብሎኝ ነው አልኳት።

ማርቆስ የሆሳዕና ልጅ ነው። በወጣትነታችን ከከተማው ዳር ቴምቢሳ በሚባል ሰፈር፣ ስፓዛ በሚሏት አንዲት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አብረን እንሠራ ነበር፤ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆነን ዳቦና ፓራፊን የሚሉትን ላምባ እንሸጣለን። ሱቁ ለሆዱ ነው፤ የሚኖረው ግን ለሥዕሉ ነበር። ያ ቀኝ እጁ ባይኖር ሌላ ምን ነበረው? ከተማ ያሉ የአገራችን ልጆች ፎቶ ኮፒ አድርገው ለሐበሻ ሱቆች የሚበትኑት መጽሔት ነበር፤ እዚያ ላይ በተከታታይ ለሚወጣው ልብ ወለድ ሥዕሉን የሚሠራው እሱ ነው። አይ ማርቆስ! በሕይወት ያለ ሰው ሳያይ መሳል አይሆንለትም። ማዶ በቆሎ የምትጠብሰውን ሴት የታሪኩ ሙሽራ አደረጋት። እኔን፣ እግዜር ይይለትና፣ ቄስ አድርጎኛል።

ታሪኩ ውስጥ ወንበዴ ሲገባ ግን የአንድ ደንበኛችንን ፊት ወሰደ። ሲፖ ይባላል፤ ግማሽ ዳቦና አቻር የሚሉትን በቅመም የተዘፈዘፈ ማንጎ የሚገዛ፣ «ሳውቦና» ብሎ ሰላምታ ሳይሰጥ የማያልፍ፣ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለበት ጨዋ ልጅ። ማርቆስ ሽጉጥ አስይዞ ደጋግሞ ሳለውና፣ ራቅ ብሎ ለማየት እንዲመቸው ከዳቦው መደርደሪያ በላይ ለጠፈው።

«ሳይቃጠል በቅጠል! አንሳው» አልኩት።

«ኧረ ተው፣ ለሐበሻ መጽሔት ነው። ማን ያየዋል?»

ያየው ራሱ ሲፖ ነው። የዚህ አገር የሐምሌ ደረቅ ብርድ ገብቶ የከሰል ጭስ ሰፈሩን ሸፍኖታል። ዳቦውን ሊቀበል ቀና ሲል ራሱን ባለሽጉጥ ሆኖ አገኘው። ሮጦ ሄደና ከሁለት ወንድሞቹ ጋር የብረት ዘንግ ይዞ ተመለሰ። በሩን ገነጠሉት። እኔን ግድግዳው ላይ አጣብቀው አፌን በደም ሞሉት።

«ታሪክ ነው! ፈጠራ ነው!» ይላል ማርቆስ፣ በእንግሊዝኛም በዙሉም። መጽሔቱን ዘረጋለት። ሲፖ አማርኛ ከየት አምጥቶ ያንብብ?

«ሰፈሩ ይህን ቢያይ፣ ሌባ ነው ብሎ አንገቴ ላይ ጎማ አጥልቆ ያቃጥለኛል!» እያለ ሲፖ ያለቅሳል። እያለቀሰ የማርቆስን ቀኝ እጅ ባንኮኒው ላይ አስዘርግቶ በዘንጉ ደጋግሞ መታው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ጩኸቱ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ደሜ ፈልቶ ሲፖን ስንት ጊዜ ረገምኩት! በኋላ ግን እዚያው ሰፈር አንድ ወጣት ሌባ ነው በሚል ሐሜት ብቻ ተቃጠለ፤ ከዚያ ወዲህ እርግማኑ አፌ ላይ አልመጣ አለ። ንዴቴ ግን አለ፤ ማን ላይ እንደማሳርፈው ጠፋኝ እንጂ።

ልጄ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «ከዚያ ወዲያ ሳለ?» አለችኝ።

ሳለ። ጣቶቹ ተጣመው ቀሩ፤ በግራው መሳልን እንደ አዲስ ተማረ። ዛሬም ካትሌሆንግ በሚባል ሌላ ሰፈር፣ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ይስላል። ወንበዴ፣ ገዳይ፣ ከሃዲ ሲያስፈልገው ግን ወደ ደንበኛ አያይም፤ መስታወት አቁሞ የራሱን ፊት ይስላል።