የአስተዳዳሪ ፈቃድ

ከቡሌ ወጣ ብላ ወዳለች አንዲት ቀበሌ የሄድኩት የጽሕፈት ቤቱን ኮምፒውተር አሮጌ ሲስተም በአዲስ ለመተካት ነበር። ከዲላ ስነሣ ቀላል ሥራ መስሎኛል። ገና ስጀምር ግን ፓስወርድ ጠየቀኝ። ቀድሞ የጫነው ባለሙያ አገር ለቋል፤ ስልኩም አይሠራም።

«ምን ይላል?» አለችኝ የልደት መዝጋቢዋ ማርታ።

«የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያስፈልጋል ነው የሚለው። ካልተገኘ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ እንደ አዲስ መጫን ነው።»

«ሁሉን? የቀበሌውን ሕፃናት በሙሉ ልታጠፋ?» ሹራቧን ሰብሰብ አድርጋ ተነሣች። «ቆይ ወንድሜ፣ አስተዳዳሪው እዚሁ አሉ፤ ልጥራቸው።»

ሣቄን ዋጥ አድርጌ አስረዳኋት። ይሄኛው አስተዳዳሪ የኮምፒውተሩ እንጂ የቀበሌው አይደለም፤ ስሙ ብቻ ነው የተመሳሰለው። በትዕግሥት አስረዳሁ፤ እሷም በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ ሄዳ የቀበሌውን አስተዳዳሪ ይዛቸው መጣች።

በከንቱ ስላስቸገርናቸው ይቅርታ ልጠይቅ ስነሣ፣ እሳቸው ወንበሬ ላይ ተቀመጡ።

«አንተ ልጅ፣ ፊትህን ወደ መስኮቱ አዙር» አሉኝ።

ዞርኩ። ውጭ ከጉም በቀር የሚታይ የለም። ከኋላዬ በአንድ ጣት፣ ፊደል እየፈለጉ ሲመቱ ይሰማኛል። ከዚያ ማርታ «ተመስገን!» አለች። ዞር ብዬ ሳይ ተከፍቷል።

«ጋሼ፣ ይህን ፓስወርድ ማን ሰጠዎት?»

ጥያቄዬ የገረማቸው ይመስላል።

«ከኔ በፊት የነበሩት አስተዳዳሪ ናቸዋ! ስንረካከብ ከማኅተሙ ጋር ነው ያስረከቡኝ።»