አሰብ ላይ ግድግዳ የሞላች ቀመር

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ለትምህርት ቤቷ ገለጻ ስታዘጋጅ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ደብተሯ ላይ ያለውን ቀመር በስልኳ ፎቶ አነሳችው፤ ወዲያው ስላይዱ ላይ ተስተካክሎ ቁጭ! እሷ እቴ፣ ማስቲካዋን እያኘከች ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈች።

«አንቺ ልጅ፣ ትንሽ እንኳን አይገርምሽም?»

«ምኑ ነው አክስቴ?»

ምኑ ትላለች!

እኔ ቀመር በኮምፒውተር ሲጻፍ መጀመሪያ ያየሁት አሰብ ነው፣ የኤርትራ ነጻነት ከታወጀ ጥቂት ዓመት በኋላ፣ የድንበሩ ጦርነት ሳይመጣ። ከደሴ የመጣሁ ጀማሪ መሐንዲስ ነበርኩ፤ ወደቡ አጠገብ ያለ አንድ ድርጅት ለሙከራ ቀጥሮኛል። ወሩ ሰኔ ነው። አሰብን በሰኔ ያላየ ሰው ሙቀት አውቃለሁ አይበል። ሁላችንም አንገታችን ላይ ፎጣ ጠምጥመን ነበር የምንሠራው። ምሳ ላይ ዓሣና ሩዝ ሲቀርብ እንኳ ከጉርሻው ላባችን ይቀድም ነበር።

የድርጅታችን ቦይለር ጥቁር ጭስ ይተፋል። በሠራተኞች ሰፈር የተሰጣ ነጭ አንሶላ ግራጫ ሆኖ ይገባል፤ እርግማኑ ደግሞ ለእኛ ነው። አለቃችን አቶ ተስፋይ አየር የሚነፋ ኃይለኛ ማራገቢያ፣ በእሳቸው አፍ ቬንቲላቶሬ፣ ይገዛ ይላሉ። እኔ ደግሞ እሳቱ የሚጨሰው አየር ስላነሰው ነው፣ የአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ይስፋ አልኩ።

«ብረት መቁረጥ ቀላል ነው፣ መመለሱ ነው ከባዱ» አሉኝ። «ቅዳሜ ለኃላፊዎቹ አስረጂ። ካሳመንሽ ትቀጥያለሽ፤ ካላሳመንሽ መልካም መንገድ።»

መልካም መንገድ ማለት ባዶ እጄን እናቴ ቤት መግባት ነው።

ያኔ ሰው ለገለጻ የሚያሳየውን በብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ላይ በእጁ ነበር የሚጽፈው። በአሰብ ላብ ግን እጅ ባለፈበት ሁሉ ቁጥሩ ይጠፋል። ስለዚህ የአየሩን ፍሰት የምታሰላውን ቀመሬን ይዤ ጓደኛዬ ሳልሕ ወደሚሠራበት ኮምፒውተር ክፍል ሄድኩ። ሳልሕ የጽሑፍ ፕሮግራሙን ሲጎረጉር ቀመር መጻፊያ አገኘ። ክፍልፋይ ስንነካ ሰረዟ ወጥታ ከላይም ከታችም ቦታ ሰጠችን። ስኩዌር ሩት ስንነካማ፣ ፊደል በጨመርን ቁጥር ጣሪያዋ እየረዘመ ተከተለን!

«ወላሂ፣ ሕይወት አላት!» አለ ሳልሕ።

ጸጉሬ ቆመ። ወሬው ወጣና ከጋራዡም ከመጋዘኑም ፎጣቸውን እንደጠመጠሙ መጡ። «እስቲ አንድ ፊደል ጨምሪላት» ይሉኛል፤ ጣሪያዋ ስትዘረጋ ሁሉም በአንድ አፍ «ኧረ!»

ቅዳሜ ጠዋት ቀመሯንም የልኬቱን ሠንጠረዥም ፕላስቲክ ላይ አተምን። በዚያ እርጥበት ቀለሙ አልደርቅ አለ። አሰብ ውስጥ ያልደረቀ ነገር የት ይሄዳል? ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ! ዓሣውም ፎጣውም የሚደርቀው እዚያ ነው፤ እኛም አሰጣነው። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ፕላስቲኩ ሁሉ ተኮማትሮ ተጠቅልሏል። ጉድ ፈላ! የተረፈን ባዶ ፕላስቲክ አንድ ብቻ ነበር።

«ሠንጠረዡን ላትም?» አለ ሳልሕ።

«ቀመሯን» አልኩት።

እሷን የኮምፒውተሩ ክፍል ኤር ኮንዲሽነር ፊት ይዘን አደረቅናት።

አዳራሹ ውስጥ መብራቱ ጠፍቶ ፕሮጀክተሩ ሲበራ ቀመሯ ግድግዳውን ሞላችው። በጣቴ እያሳየሁ ጀመርኩ። «ቬንቲላቶሬ የሚጨምረው ግፊት ያለው ስኩዌር ሩቷ ውስጥ ነው። ግፊቱን እጥፍ ብናደርገው እንኳ አየሩ እጥፍ አይሆንም። የቀዳዳው ስፋት ግን ከሩቷ ውጭ ነው። እሱን እጥፍ ካደረግነው አየሩም እጥፍ ይሆናል።»

አቶ ተስፋይ ተነስተው ግድግዳው ጋ ሄዱ። በጣታቸው ጣሪያዋን ከዳር እስከ ዳር ተከተሏት። «ታዲያ የኔ ቬንቲላቶሬ እዚህ ውስጥ ታስሮ ነዋ» አሉ። ከዚያም ዞረው «ቁረጡት» አሉ።

ቦይለሩ ጠፍቶ፣ ቀዳዳው በሰፊው ተቆርጦ፣ እንደገና ሲለኮስ ሁላችንም ግቢው ውስጥ ቆመን ወደ ላይ አንጋጠጥን። ጭሱ ሳሳ፣ ሳሳና በውስጡ ሰማዩ ታየ። አንዲት ሴት ከአጥር ማዶ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ ፎጣዬን ፊቴ ላይ ጥዬ አለቀስኩ። ሥራ ማግኘቴ ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ አልነገርኳትም፤ ለነገ ቸኩላ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አልኳት፦ «ስታቀርቢው ዝም ብለሽ አትለፊው፤ ትንሽ ቁሚለት።» እኔ እስከ ዛሬ ቀመር ሳይ እፈራለሁ። እሳት ለቀመር ሲታዘዝ በዓይኔ አይቻለሁና።