የጋሼ ተገኘ ግራ እጅ

ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ «ምላሳሟ» ነው የምባለው። ይበሉኝ! ደስ የሚል ነገር አይቶ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። ስለዚህ አብሬው መናኸሪያውን የምጠብቀውን የጋሼ ተገኘን ነገር እኔ ካልነገርኳችሁ ማንም አይነግራችሁም።

ተገኘ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ያወጡለት የመናኸሪያው ረዳቶች ናቸው። አውቶብሱ ሲተራመስ፣ ሻንጣ ከጣራ ሲወርድ፣ ሾፌር ከሾፌር ሲሰዳደብ፣ ያኔ ነው ሕፃን ከእናቱ እጅ የሚያመልጠው። ጋሼ ያን ግዙፍ ሰውነቱን ይዞ በየመኪናው ሥር እያጎነበሰ ይፈልግና፣ ሲያገኘው ትከሻው ላይ ሰቅሎ «ተገኘ! ተገኘ!» እያለ ግቢውን ይዞረዋል። ድምፁ ጥሩምባ ያስንቃል። እናትየው የትም ትሁን የት ትሰማዋለች። ሽማግሌም ይጠፋል፤ አንዴማ ሙሽራ ጠፍታ ነበር፣ እሷንም አግኝቷታል። ሽጉጡን ግን ከተኩስ ሜዳ ውጭ አንድ ቀን እንኳ መዝዞ አያውቅም። በዚህ ደግሞ ሲኮራ አይጣል ነው።

ታዲያ አዲሱ ሽጉጥ መጣላችሁ።

መጀመሪያ ሰርግ ነበር የሚመስለው። አሮጌዎቹ ቀለማቸው የተላጠ፣ ከባድ፣ ቀበቶ ጎትተው ሱሪ የሚያወርዱ ነበሩ። አዲሶቹ ቀለል ያሉ፣ ከነአዲስ አፎታቸው። መሣሪያ ክፍሉ መስኮት ላይ ተሰልፈን አሮጌውን እያስረከብን አዲሱን ስንቀበል፣ ያ ሁሉ ጢማም ሰው «የኔን እየው! የኔን እየው!» ሲባባል ማየት ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት መሆኑ ትዝ ያለው የለም።

ጉዱ የፈላው ተኩስ ሜዳ ስንወጣ ነው። አሮጌው ሽጉጥ ጎኑ ላይ አንዲት የመጠበቂያ ቁልፍ ነበረችው፤ እሷን በአውራ ጣት ወደ ታች ካልተጫኑ አይተኩስም። አዲሱ ይህቺ ቁልፍ የለችውም። መዝዘህ፣ አነጣጥረህ፣ ምላጭ መሳብ ነው፣ አለቀ። አሮጌውን በወጉ ላልለመድነው ለእኔና ለቢጤዎቼ ምንም አልነበረም። ጋሼ ግን ዕድሜ ልኩን ያቺን ቁልፍ ሲጫን የኖረ ሰው ነው። ፊሽካው ሲነፋ ይመዛል፤ አውራ ጣቱ የሌለችውን ቁልፍ ፍለጋ ይወርዳል፤ አፈሙዙም ተከትሎት ይወርዳል። ድው! አቧራ። ድው! ደግሞ አቧራ።

«ጋሼ፣ ዒላማው እኮ ከላይ ነው» አለው አንዱ ቀልደኛ።

«አውቃለሁ። ጉንዳን አይቼ ነው» አለ ጋሼ። ሁሉም ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ከንፈሩ ግን ደርቆ ነበር፣ እኔ አይቼዋለሁ።

አሰልጣኛችን ቆፍጣና ወጣት ሴት ናት፤ ሰው ማስቀየም ባትወድም ነገር አታድበሰብስም። «ጋሼ፣ በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ አንድ ዕድል አለዎት። ያን ጊዜ ካላለፉ መሣሪያ ይዘው ጥበቃ መውጣት አይችሉም» አለችው። ይህ ማለት መጋዘን ማለት ነው። ቁምጣና ጫማ እያከፋፈሉ ጡረታን መጠበቅ። መናኸሪያውን ያለ ጋሼ አስቡት። ከማን ጋር ልከራከር? ማንን ላናድድ?

ከዚያ በኋላ ያቺ አውራ ጣት ሰላም ነሳችን። ሻይ ሲያነሳ እንኳ ብርጭቆው ጎን ላይ ቁልፍ ትፈልጋለች። «ይኸው ደግሞ ወረደች!» እያልኩ እጁን በጥፊ እላለሁ። በባዶ ሽጉጥ ቢለማመድ፣ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ አሰልጣኟ ፕላስተር ጠቀለለችበት። ከነፕላስተሯ ወረደች።

«ተዪኝ፣ ልጄ» አለኝ ወደ ቤት ስንሄድ። «መጋዘንም የሰው ሥራ ነው።»

«ዝም በል ጋሼ!» አልኩት። ተናድጄ አይደለም፤ እንባዬ መጥቶ ነው።

እሑድ ቤቱ ሄድኩ። እትዬ፣ ባለቤቱ፣ ልብስ ታጣጥፋለች። ጋሼ ሶፋው ላይ ተቀምጦ የልጁን ልጅ በቀኝ ክንዱ አስተኝቷል፤ ቴሌቪዥኑ ይጮሃል።

«ኧረ ቀንሰው! ልጁን ልታስነሳብኝ ነው?» አለችው እትዬ።

ቀኝ እጁ ተይዟላ! በግራው ከታፋው ሥር ሪሞቱን ላፍ አድርጎ መዘዘና ቴሌቪዥኑ ላይ ደገነ። ቀጥ ብሎ፣ ውብ አድርጎ። አውራ ጣቱ ሪሞቱ ጎን ላይ ተኝታ ንቅንቅ አላለችም።

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ሕፃኑ ባንኖ እሪ አለ።

«አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም እንዴ?» አለችኝ እትዬ።

«ጋሼ! ግራ እጅህ አሮጌውን ሽጉጥ ይዞት ያውቃል?»

«ምን ሊያደርግ ይይዘዋል?»

«በቃ! የሚረሳው ነገር የለውማ! እንደኛ አዲስ ምልምል ነው!»

ጋሼ ግራ እጁን አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ አገላብጦ አየው። ከዚያ ያ ጥሩምባ ሳቁ መጣ፤ ሕፃኑም ሳቁን ሰምቶ ዝም አለ።

ሰኞ ጠዋት አሰልጣኟ ነገሩን ስትሰማ ዓይኗ በራ። «በቀኝ እጅ ብቻ ተኩሱ ያለ ማንም የለም» ብላ የሽጉጡን የጥይት ካዝና መልቀቂያ ወደ ሌላው ጎን አዞረችለት፤ ለግራኞች የመጣውንም አፎት ሰጠችው። ሳምንቱን ሙሉ ሜዳው ላይ ሰነበተ። ማታ ደግሞ እትዬ ቴሌቪዥን ማየት አልቻልኩም ብላ ስሞታ አቀረበች፤ ዜና አንባቢው አፉን በከፈተ ቁጥር ሪሞት ይደገንበታል።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ጋሼ ቆመ። ግራ እጁ ላብ አለው መሰለኝ ሱሪው ላይ ጠረገው። ፊሽካው ተነፋ። መዘዘ፤ ተኮሰ፤ ደገመ። አቧራ አልተነሳም። አሰልጣኟ ዒላማው ድረስ ሄዳ ቀዳዳዎቹን በጣቷ እየነካች ቆጠረች፤ ያን ያህል ጊዜ የፈጀ ቆጠራ አይቼ አላውቅም።

«አልፈዋል!»

ኧረ እሰይ! ጮቤ ረገጥን። ያ ቀልደኛ ጋሼን ሊሸከመው ሞክሮ ወገቡን ያዘ።

ጩኸታችን የጠራው ይመስል የጣቢያችን አዛዥ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጋሼ ጉልበቱን እንደሚያመው ያውቃል። ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «እንኳን ደስ አለዎት» አለው። «ግን አሁንም ከፈለጉ መጋዘኑ አለ። ጥላ ነው፣ ወንበር አለው፣ ቅዳሜና እሑድ የለበትም። ማንም ወደቁ አይልዎትም፤ በክብር ነው የሚገቡት።»

ጋሼ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። እውነትም ደክሞት ቢሆንስ? ያን ሁሉ ያለፋሁት ለራሴ ብዬ ቢሆንስ? ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ዘግቼ ጠበቅኩ።

«ጌታዬ» አለ ጋሼ፣ «መጋዘን ውስጥ ማን ይጠፋል?»

አዛዡ ሳቀ። እኔ ግን እዚያው ሁሉም ፊት አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው፣ ምን አፍራለሁ።