የቫይረስ ገለባና የማርያም ጽዋ

ስሟን አልጠራም፤ ራሷን ታውቃለች። ቢቸና በነበረን የማርያም ማኅበር ሙሴዋ እሷ ነበረች፤ ጽዋው ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ የምታዘው። ባሏ እኔ በምሠራበት ጤና ጣቢያ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ሞጣ ስለሆነ ቢቸና ያን ያህል ዘመን ኖሬም «የሞጣዋ» ከመባል አልዳንኩም።

ሚሌኒየሙ ካለፈ በኋላ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የመጡ አጥኚዎች አልማዝ ባለጭራን በሚያመጣው ቫይረስ ላይ ጥናት ጀመሩና በበረዶ የታሸጉ ትንንሽ ብልቃጦች በሣጥን ላኩልኝ። በብልቃጦቹ ውስጥ ያለው ቫይረሱ አይደለም። ቫይረሱ ዘሩን የሚሸፍንበት ቅርፊት ፕሮቲን ነው። እሱም ከታማሚ የተወሰደ አይደለም፤ አሠራሩን ለማይጎዳ ባክቴሪያ ሰጥተው በፋብሪካ ያሠሩት ነው። ቫይረሱ አንድ ጊዜ የገባበት ሰው ደም ቅርፊቱን ያውቀዋል፤ ሲገናኙ የምንጨምርበት ፈሳሽ ቢጫ ይሆናል። ለምርምር እንጂ ለመድኃኒት አይሆንም።

ሣጥኑን ተቀብሎ ያስገባው የሙሴዋ ባል ነው። ጽሑፉ ላይ «ቫይረስ» የሚል አነበበ፤ ከዚያ ወዲያ ማንበብ አላስፈለገውም። ለሚስቱ ነገራት። ቅዳሜ ገበያ ሳይበተን «የሞጣዋ በሽታ በፍሪጅ ታረባለች» ተባለ።

በማኅበሩ ቀን ጽዋውን ተረክቦ የሚቀጥለውን ወር የመደገስ ተራው የእኔ ነበር። ጌሾዬን ወቅጬ፣ ብቅሌን አዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። ሙሴዋ ጽዋውን አነሣችና እኔን አልፋ ከጎኔ ለተቀመጠችው ሴት ዘረጋች።

«ተራው የእኔ ነው» አልኩ።

«ለልጆቻችን ፈርተን ነው፣ እቴ። በሽታ ከነካ እጅ ጠላ አንጠጣም።»

ጽዋ የተነፈገች ሴት ነገ ብትሞት አልቃሽ የላትም። እንባዬን ላሳያት ግን አልፈለግሁም። ወደ ንስሐ አባታችን ዞርኩ።

«አባ፣ ገለባ ዘርቶ ጤፍ ያጨደ ሰው ያውቃሉ?»

«ኧረ ከወዴት መጥቶ፣ ልጄ።»

«እኔ ዘንድ ያለውም ገለባ ነው። ዘሩ የለበትም። አይበቅልም፤ ሰውም አይዝም።»

«ገለባ በፍሪጅ ሲቀመጥ አይተን አናውቅም» አለች ሙሴዋ። ሴቶቹ ሳቁ። ጥሩ አባባል ነበር፤ አልክድም።

«አንቺ ሥጋ ፍሪጅ የምታስገቢው በሬው ተነሥቶ እንዳይሄድ ነው? እንዳይበላሽ አይደል? ደግሞስ ሣጥኑን የተሸከመው ባልሽ ነው። የነካ ሁሉ ከማኅበር የሚወጣ ከሆነ ከእሱ ጋር የምታድረውም ሙሴነቷን ታስረክብ።»

አሁን ሳቁ ወደ እኔ ዞረ። አባም አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሲበቃቸው «ጽዋውን ስጫት» አሏት።

ሰጠችኝ፤ ዓይኔን ግን አላየችም።

ወደ ቤቴ የሚወስድ አጭር የጓሮ መንገድ ነበር። በዚያ አልሄድኩም። ጽዋውን በነጠላዬ ይዤ፣ ማኅበርተኞቹን አስከትዬ፣ በዋናው መንገድ በሙሴዋ በር በኩል ዞርኩ። ባሏ ደጁ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጧል። ጽዋ ሲያልፍ የተቀመጠ ይነሣል፤ ወጉ ነው። አይቶኝ ትንሽ አመነታ። ከዚያ ተነሣ፤ ባርኔጣውንም አወለቀ።

እኔም ቀስ ብዬ አለፍኩ።