ብስክሌቱን የሰጠኝ ጓደኛዬ

ሞባይል ገና ቡሬ በገባበት ሰሞን፣ በሐምሌ ወር የሆነ ነው። ዓመታት ቢያልፉም ዛሬም የሚገርመኝ ነገር ስላለው ልጽፈው ወደድሁ።

ያኔ ቡሬ የሳይንስ መምህር ነበርሁ። ደሳለኝ የሚባል የግብርና ባለሙያ ከወሎ መጥቶ እኔ በተከራየሁበት ግቢ ይኖራል። በርበሬ የሚያለሙ ገበሬዎችን ለማየት በየቀኑ በብስክሌቱ ገጠር ይወርዳል። ያቺን ብስክሌት ለማንም አያውሳትም ነበር።

አባቱ ካረፉ ወዲህ ግን ከሰው ራቀ። ምግብ ይተዋል፣ እንቅልፍ የለውም፣ ስናናግረው መልሱ ከአንድ ቃል አያልፍም። ወራት እንዲህ ከሄደ በኋላ አንድ ቀን ድንገት ፊቱ ፈክቶ መጣና ብስክሌቱን ሰጠኝ። እኔ አልፈልጋትም፣ ላንተ ትሁን አለኝ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ከብስክሌቷ ይልቅ የፊቱ መፍካት ደስ አሰኘኝ። ጭቃ ለጭቃ እየነዳኋት ሳለ ግን አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። ነገ ገጠር በምን ሊወርድ ነው?

ነገሩ ስለከነከነኝ አከራያችንን እትዬ ጥሩወርቅን ጠየቅኋቸው። ሬዲዮውን ለእርሳቸው፣ ጋቢውን ለመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ እንደሰጠ ነገሩኝ። ከዚያም፣ "በሐምሌ ብርድ ጋቢውን የሚሰጥ ሰው ምን አስቦ ነው? ሂድና ጠይቀው፣ የኔ ልጅ" አሉኝ።

መጠየቁ ከበደኝ። ያላሰበውን አሳስበው ይሆን ብዬ ፈራሁ። ደግሞ ሳላውቅ ማደር አልሆነልኝም። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እየወረደ በሩን ገፋ አድርጌ ክፍሉ ገባሁ፤ በርጩማ ስቤ አጠገቡ ተቀመጥሁ።

"ደሳለኝ፣ ራስህን ልታጠፋ አስበሃል እንዴ?" አልሁት።

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ይዞት የቆየውን ትንፋሽ ለቀቀ።

"አዎ" አለ። ቆይቶም፣ "ሁሉም ሰው በርታ ነው የሚለኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም" አለኝ።

የምሰጠው ምክር አልነበረኝም። ስለዚህ እየጠየቅሁ አዳመጥሁት፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚብስበት፣ መቼ ትንሽ እንደሚቀለው። ለካ ከአባቱ ሞትም በፊት የጀመረው ነገር ነበር። ጠዋት ጠዋት ይብስበታል። ጎን ለጎን እየኖርን ይህን አላውቅም ነበር። አሳስበዋለሁ ብዬ የፈራሁትም በከንቱ ነው፤ ሐሳቡ ከእኔ በፊት እዚያው ነበር።

ሐኪም ጋ እንሂድ ስለው እምቢ አለ። ገበሬዎቹ አብዷል ብለው ይንቁኛል ብሎ ነው። ማንም ወደማያውቀን ወደ ፍኖተ ሰላም ብንሄድስ ስለው ግን እንደምንም እሺ አለ። እስክንሄድ ድረስ ብቻውን አልተውነውም። እትዬ ጥሩወርቅ አንዴ ሽሮ ይዘው፣ አንዴ ጣሪያው ያፈስ እንደሆን ልይ ብለው፣ ሰበብ እየፈለጉ ይገቡ ነበር።

በማግስቱ በአውቶቡስ ሄድን። ሆስፒታል ያገኘናት የአእምሮ ሕክምና የተማረች ነርስ እኔ የጠየቅሁትን ያንኑ ጥያቄ ፊት ለፊት ስትጠይቀው ገረመኝ። መድኃኒት ጀመረ፤ በየቀጠሮው አብሬው ሄድሁ። ታላቅ እህቱም ስትሰማ ከወሎ መጥታ አብራው ከረመች። ቶሎ አልዳነም፤ ተሽሎት እንደገና የከፋበት ጊዜም ነበር። እየቆየ ግን ወደ ገበሬዎቹ ተመለሰ።

አሁን አዴት አካባቢ ይሠራል። በቅርቡ ተገናኝተን ስለዚያ ቀን ስናወራ ፈገግ ብሎ፣ "ቀኑን ሙሉ ሰው እንዳይገባብኝ እፈልግ ነበር። በሩን ለምን እንዳልቆለፍሁት ግን እስከዛሬ አላውቅም" አለኝ።

እኔም አላውቅም። ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ፊቱ ሳያምረኝ ደህና ነኝ ካለኝ፣ ቁጭ ብዬ ደግሜ እጠይቀዋለሁ። አንዳንዱ ይቆጣኛል። ይቆጣኝ።